ድንጋዩና አድራሻው፦ የማዞን ክሪክ አማተር የቅሪተ አካል ሰብሳቢዎች ታሪክ



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ትንሽ ጅረትና በዳርቻው ጎንበስ ብለው ድንጋይ ሲለቅሙ ስለኖሩ ሰዎች ነው። ጅረቱ ማዞን ክሪክ ይባላል። በአሜሪካ በኢሊኖይ ግዛት ከቺካጎ በስተደቡብ ምዕራብ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል፤ ሞሪስ በተባለች ከተማ አጠገብም ከኢሊኖይ ወንዝ ጋር ይቀላቀላል። ድንጋይ ለቃሚዎቹ አብዛኞቹ በሙያቸው የሥነ ምድር ሊቃውንት አልነበሩም። ከመካከላቸው ከሰል ቆፋሪዎች፣ የፋብሪካ ሠራተኞች፣ ነጋዴዎችና የትምህርት ቤት መምህራን ይገኙባቸዋል። በዕረፍት ቀናቸው መዶሻና ባልዲ ይዘው ይወጡ ነበር። ይሁንና ከ300 ሚሊዮን ዓመታት በፊት በምድር ላይ ስለነበረው ሕይወት ከምናውቀው ውስጥ ቀላል የማይባለውን ክፍል ያገኘነው ከእነርሱ እጅ ነው።

የሳይንስን ታሪክ ስናጠና ብዙውን ጊዜ ዓይናችን የሚያርፈው ጽሑፉን ባሳተመው ሰው ላይ ነው። እኔ ዛሬ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመልሼ ልጠይቅ እወዳለሁ። ለሊቁ ማስረጃውን ማን አመጣለት? ከመሬት የተነሣ ድንጋይስ ማስረጃ የሚሆነው መቼ ነው? የማዞን ክሪክ ታሪክ ለዚህ ጥያቄ ግልጽ መልስ ይሰጣል ብዬ አምናለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ቦታው ጥቂት ልበል። ከ309 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ዛሬ ኢሊኖይ የምንለው ምድር በምድር ወገብ አቅራቢያ ነበር። አካባቢው ዛፍ በሚያካክሉ ፈርኖችና በሌሎች ጥንታውያን ዕፅዋት የተሸፈነ ረግረግ ነበረ። የዕፅዋቱ ብስባሽ በጊዜ ብዛት የድንጋይ ከሰል ሆነ። ከዚያም ባሕሩ ከፍ ብሎ ረግረጉን ሸፈነው፤ ወንዞችም ጭቃቸውን ወደ ጥልቀት አልባው የባሕር ወሽመጥ አፈሰሱ። የወደቀ ቅጠል፣ የሞተ ዓሣ፣ ሸረሪት፣ መቶ እግር፣ ትልና ሽሪምፕ ሁሉ በዚህ ጭቃ ፈጥኖ ተቀበረ። በድኑ መበስበስ ሲጀምር ባክቴሪያዎች የለቀቁት ካርቦን ከጭቃው ብረት ጋር ተዋሕዶ ሲደራይት የተባለውን ማዕድን ፈጠረ፤ ማዕድኑም በድኑን እንደ ቅርፊት ከበበው። ጭቃው በኋላ ሼል የሚባለው፣ እንደ መጽሐፍ ገጽ የሚነባበረው ለስላሳ ድንጋይ ሲሆን፣ በውስጡ የቀሩት ድቡልቡል የብረት ድንጋዮች ግን እጅግ ጠጣሮች ናቸው።

እዚህ ላይ ጅረቱ ሥራውን ይጀምራል። ውሃው ለስላሳውን ሼል እያጠበ ሲወስድ ጠጣሩን ድቡልቡል ድንጋይ በጅረቱ ወለል ላይ ይተወዋል። የመጀመሪያው ቆፋሪ ጎርፍ ነው ማለት ይቻላል። ሰው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሥራውም መልቀምና መክፈት ነው።

መክፈቱ ራሱ ትዕግሥት የሚጠይቅ ጥበብ ነው። ድንጋዩን በመዶሻ በኃይል የመታ ሰው ብዙውን ጊዜ ቅሪተ አካሉንም አብሮ ያደቅቃል። ስለዚህ ሰብሳቢዎቹ ክረምቱን አገልጋያቸው አደረጉት። ድንጋዮቹን ውሃ በሞላ ባልዲ ይነክራሉ፤ ውሃው በጥቃቅን ስንጥቆች ከሰረገ በኋላ እንዲቀዘቅዝና በረዶ እንዲሆን ይተዉታል። በረዶ ሲሆን ውሃው ይሰፋል፤ ሲቀልጥ ደግሞ ሌላ ውሃ ይገባል። ይህ ሲደጋገም ድንጋዩ በደካማ መስመሩ በኩል፣ ማለትም በድኑ በተኛበት ንጣፍ ላይ፣ ለሁለት ይከፈታል። ዛሬ የቤት ማቀዝቀዣ ይህንኑ ሥራ በበጋም ይሠራል። በሁለቱ ግማሾች ላይ አንዱ የሌላው ግልባጭ የሆነ ምስል ይታያል፤ ጥንቁቅ ሰብሳቢም ሁለቱን አይለያይም።

የስብሰባው ታሪክ በሦስት ዘመናት ሊከፈል ይችላል። የመጀመሪያው የጅረቱ ዘመን ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የሞሪስ አካባቢ ነዋሪዎች ከጅረቱ የለቀሟቸው ድንጋዮች ወደ ሊቃውንት እጅ መግባት ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1864 ጄምስ ድዋይት ዴና ከሞሪስ የተገኙ የነፍሳት ቅሪቶችን ገልጾ አሳተመ። የኢሊኖይ ግዛት የሥነ ምድር ጥናት በኤሞስ ወርዘን መሪነት በሚሠራበት በዚያው ዘመን ፊልዲንግ ሚክ ከወርዘን ጋር ሆኖ እንስሳቱን፣ ከስዊዘርላንድ የመጣው ሊዮ ሌስከሩ ደግሞ ዕፅዋቱን አጠኑ። ሌስከሩ በወጣትነቱ የመስማት ችሎታውን ያጣ ሰው ነበር። እነዚህ ሰዎች ስለ ማዞን ክሪክ የጻፉት አብዛኛው ነገር የአገሬው ሰዎች ባመጡላቸው ድንጋይ ላይ የተመሠረተ ነው። በታተሙት ጥራዞች ውስጥ የሊቁ ስም ጎልቶ ሲታይ የለቃሚው ስም ግን፣ ዕድለኛ ከሆነ፣ በአንድ ዝርያ ስም ላይ ተቀጥሎ ይቀራል።

ሁለተኛው ዘመን የከሰሉ ዘመን ነው። ከሰሉ ከቅሪተ አካሉ በታች የተኛ በመሆኑ ከሰል የሚፈልግ ሁሉ ሼሉን መግፈፍ ግድ ሆነበት። ቀደም ሲል በጥልቅ ጉድጓድ የተሠሩት ማዕድኖች የጥራጊ ክምር በየመንደሩ ትተዋል። ከ1920ዎቹ ጀምሮ ግን ታላላቅ መቆፈሪያዎች የምድሩን ገጽ ራሱን እየገለበጡ ከሰሉን ማውጣት ጀመሩ፤ የተገለበጠውም አፈርና ድንጋይ እንደ ኮረብታ ተከመረ። ጅረቱ በሺህ ዓመታት የሚያወጣውን ያህል ድንጋይ ማሽኑ በጥቂት ዓመታት አወጣው። ዝናብና ውርጭ ሼሉን ሲያፈርሱት ድቡልቡሎቹ በክምሩ ገጽ ላይ ይቀራሉ። የሰንበት ሰብሳቢዎችም ከጅረቱ ወለል ወደ ከሰሉ ክምር ተሸጋገሩ። ከእነዚህ ቦታዎች ሁሉ ስመ ጥር የሆነው የፒቦዲ ከሰል ኩባንያ ጉድጓድ 11 ነበር።

በዚህ ዘመን ሰብሳቢዎቹ ተደራጁ። እ.ኤ.አ. በ1949 የተመሠረተው የሰሜን ኢሊኖይ የምድር ሳይንስ ክበብ አባላቱን እየሰበሰበ ወደ ክምሮቹ ይወስዳል፤ ለጀማሪዎች የሚሆኑ የቅሪተ አካል መለያ መጻሕፍትንም አሳትሟል። የክበቡ አስተዋፅኦ በሳይንሱ መዝገብ ላይ ሳይቀር ሰፍሯል። ከማዞን ክሪክ የተገኘ አንድ የባሕር ትል የክበቡን የእንግሊዝኛ ስም ምኅጻር ተከትሎ ኤስኮናይተስ ተብሎ ተሰይሟል፤ ኤስኮኒክቲስ የተባለ ዓሣም አለ።

ከእነዚህ ሰብሳቢዎች መካከል ስሙ በይበልጥ የሚታወቀው ፍራንሲስ ተሊ ነው። በ1950ዎቹ በከሰል ክምር ውስጥ ከለቀመው ድንጋይ ያልተለመደ ነገር ወጣለት። አካሉ እንደ ቱቦ የተራዘመ፣ ዓይኖቹ ወደ ጎን በወጣ ዘንግ ጫፍ ላይ የተቀመጡ፣ ከፊቱ ረዥም ኩምቢ መሳይ ነገር የሚወጣ፣ በኩምቢው ጫፍም እንደ ጉጠት ያለ ጥርሳም አፍ የያዘ እንስሳ ነበር። ተሊ በመጻሕፍት ቢፈልገው አላገኘውም። ስለዚህ ወደ ቺካጎው ፊልድ ሙዚየም ወሰደው። በሙዚየሙ የአከርካሪ አልባ ቅሪተ አካላት ኃላፊ የነበረው ዩጂን ሪቻርድሰንም ሊለየው አልቻለም። በሙዚየሙ ውስጥ «የተሊ ጭራቅ» ተብሎ ሲጠራ ቆየ፤ እ.ኤ.አ. በ1966 ሪቻርድሰን ሳይንሳዊ ስሙን ባወጣለት ጊዜም ይህንኑ ቅጽል ወደ ላቲን መልሶ ተሊሞንስትረም ግሬጋሪየም አለው። ግሬጋሪየም የሚለው ቃል በመንጋ የሚገኝ፣ ብዙ የሆነ ማለት ነው። ተሊ አንዱን ካሳየ በኋላ ሌሎች ሰብሳቢዎችም ሳጥኖቻቸውን እየከፈቱ ተመሳሳዩን አመጡና። እ.ኤ.አ. በ1989 እንስሳው የኢሊኖይ ግዛት ይፋዊ ቅሪተ አካል ሆነ።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው እንደ ዕድለኛ ግኝት ነው። እኔ ግን ትኩረታችሁን ወደ ሌላ ነጥብ ልስብ እፈልጋለሁ። ስለ ማዞን ክሪክ መጻፍ ከተጀመረ ወደ መቶ ዓመት በሚጠጋ ጊዜ ውስጥ ይህን እንስሳ የገለጸ አንድም ሊቅ አልነበረም። እንስሳው በመንጋ የሚገኝ ከሆነ የጅረቱ ለቃሚዎች እንዴት ሳያዩት ቀሩ?

መልሱ የሚገኘው በሰብሳቢዎቹ ማስታወሻ ውስጥ ነው። ሪቻርድሰንና የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው ራልፍ ጆንሰን ከአማተሮቹ ጋር ለብዙ ዓመታት ተቀራርበው ሠርተዋል። ስብስቦቻቸውን ተመለከቱ፤ የትኛው ድንጋይ ከየትኛው ጉድጓድ እንደተለቀመም ጠየቁ። መልሶቹን ጎን ለጎን ሲያስቀምጡ አንድ ሥርዓት ተገለጠላቸው። በአንዳንድ ቦታዎች ድንጋዮቹ የየብስ ዕፅዋትን፣ ነፍሳትንና የወንዝ እንስሳትን ይይዛሉ። በሌሎቹ፣ በተለይም በጉድጓድ 11፣ የባሕር ትሎች፣ ጄሊፊሽ መሰል ፍጥረታትና የተሊ ጭራቅ ይበዛሉ። የመጀመሪያውን የብሬይድዉድ፣ ሁለተኛውን የኤሴክስ ማኅበረ ሕይወት አሏቸው። አንዱ ከወንዝ አፍ አጠገብ የኖረ፣ ሌላው ወደ ባሕሩ ገባ ብሎ የኖረ ነው። የጅረቱ ለቃሚዎች የተሊን ጭራቅ ያላዩት ጭራቁ የኖረው በዋነኛነት በሌላው ዓለም ስለነበረ ነው።

አስቡት፤ ድንጋዮቹ ሁሉ በመልክ አንድ ናቸው። በአንድ ጠረጴዛ ላይ ቢደባለቁ ከየት እንደመጡ ማንም አይለያቸውም። ሁለቱን ዓለማት ለመለየት ያስቻለው በሳጥኑ ክዳን ወይም በቁራጭ ወረቀት ላይ የተጻፈው የቦታ ስም ነበር። አበው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር ይኸው ነው። አድራሻው የተጻፈለት ተራ ድንጋይ ለሳይንስ ምስክር ይሆናል፤ አድራሻው የጠፋበት ያማረ ድንጋይ ግን የመደርደሪያ ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

ከዚህ ጋር የተያያዘ ሁለተኛ ትምህርት አለ፤ እርሱም የማያምረውን የመጠበቅ ነገር ነው። ከማዞን ክሪክ ድንጋዮች ብዙዎቹ ሲከፈቱ ባዶ ናቸው፤ ወይም ምንነቱ የማይለይ እብጠት ብቻ ይታይባቸዋል። ለመደርደሪያ የሚሰበስብ ሰው እነዚህን ይጥላቸዋል። ጎርደን ቤርድና ባልደረቦቹ ግን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ባሳተሙት ጥናት ከ200,000 በላይ ድቡልቡል ድንጋዮችን ከብዙ ቦታዎች ሰብስበው ባዶዎቹን ጭምር ቆጠሩ። የሁለቱ ማኅበረ ሕይወት ወሰን በትክክል ሊታወቅ የቻለው የማይረባ የሚመስለው ሁሉ ስለተቆጠረ ነው።

እብጠቱም ራሱ የሚናገረው ነበረው። ኤሴክሴላ የተባለው በጉድጓድ 11 እጅግ የበዛ ቅሪት ለረዥም ጊዜ ጄሊፊሽ ነው ሲባል ኖሯል። ሰብሳቢዎች በብዛቱ ተሰላችተው እንደ ቁም ነገር አይቆጥሩትም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 ሮይ ፕሎትኒክና ባልደረቦቹ በሙዚየም የተቀመጡትን ብዙ ናሙናዎች እንደገና መርምረው እንስሳው በባሕር ወለል ላይ ተተክሎ የሚኖር የባሕር አኒሞን መሆኑን አመለከቱ። እስከዚያ ድረስ ሊቃውንቱ ቅሪቱን ገልብጠው ሲያዩት ነበር፤ የጄሊፊሹ ጃንጥላ ያሉት ክፍል እንስሳው ከደለሉ ጋር የሚጣበቅበት እግሩ ሆኖ ተገኘ። ይህን ለማየት ብዙ ናሙና ያስፈልግ ነበር፤ ብዙ ናሙና የተገኘውም ተራውን ነገር ሳይንቁ ለሙዚየም ባስረከቡ ሰዎች ምክንያት ነው።

የተሊ ጭራቅም ቢሆን ክርክሩ አልተዘጋም። እ.ኤ.አ. በ2016 ከ1,200 በላይ ናሙናዎችን የተመለከተ ጥናት እንስሳው ባለ አከርካሪ፣ ላምፕሬይ ለሚባለው መንጋጋ አልባ ዓሣ የቀረበ ነው ብሎ ደመደመ። በማግስቱ ዓመት ሌሎች ተመራማሪዎች መደምደሚያውን ተቃወሙት። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ የጃፓን ተመራማሪዎች ከ150 በላይ ናሙናዎችን በሦስት አውታረ መጠን የሌዘር ሥካነር መርምረው ባለ አከርካሪ ሊሆን አይችልም አሉ። ተማሪዎች ልብ እንድትሉልኝ የምሻው ክርክሩ የሚካሄድበትን መሠረት ነው። ሁሉም ወገን የሚመለከተው፣ በአብዛኛው አማተሮች ለቅመው ያስረከቧቸውን ድንጋዮች ነው። ፍርዱ ቢለዋወጥም ምስክሮቹ በቦታቸው አሉ፤ አዲስ መሣሪያ ይዞ የሚመጣ ትውልድ እንደገና ሊጠይቃቸው ይችላል።

እስካሁን የተናገርሁት አማተሮቹን የሚያወድስ ስለሆነ ሚዛኑን ልጠብቅ። የግል ስብስብ ዕድሜው የባለቤቱ ዕድሜ ነው። ሰብሳቢው በቃሉ የሚያውቀውን ካልጻፈ፣ ሲሞት ለወራሾቹ የሚቀረው ከባድ ሳጥን ብቻ ነው። የማዞን ክሪክ ድንጋይ በገበያ ይሸጣል፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወርም «ማዞን ክሪክ» የሚለው ስም የክምሩን፣ የጉድጓዱንና የጅረቱን ልዩነት ሁሉ ውጦ ያስቀረዋል። በሌላ በኩል ሙዚየሞች የተሰጣቸውን ሁሉ የሚያስቀምጡበት ስፍራም ሆነ የሚመዘግብ ሰው ሁልጊዜ የላቸውም። ሪቻርድሰን የተሳካለት በሩን ለሰብሳቢዎቹ ስለከፈተ፣ ለጥያቄያቸው መልስ ስለሰጠና ስማቸውን ስላከበረ ነው። መተማመኑ በሌለበት ቦታ ድንጋዩ ወደ ሙዚየም አይመጣም።

ሦስተኛው ዘመን እኛ ያለንበት ነው፤ የመጥበብ ዘመን ልበለው። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ በገጸ ምድር ቁፋሮ የተጎዳ መሬት እንዲያገግም ያስገድዳል። ለመሬቱ መልካም ነው፤ ሣርና ዛፍ በሸፈነው ክምር ላይ ግን ድቡልቡል ድንጋይ አይታይም። ከጉድጓድ 11 ብዙው ክፍል ዛሬ በብሬይድዉድ የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ማቀዝቀዣ ሐይቅ ሥር ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ማዞን ክሪክ ብሔራዊ ታሪካዊ ሥፍራ ተብሎ ተመዘገበ። አጠገቡ ባለው በማዞኒያ ብሬይድዉድ የግዛት ጥብቅ ስፍራ መሰብሰብ የሚፈልግ ሰው ፈቃድ ይይዛል፤ የሚፈቀደውም በዓመቱ የተወሰኑ ወራት ብቻ ነው። አዲስ ድንጋይ እየቀነሰ በሄደ ቁጥር ቀድሞ የተለቀመው፣ በተለይም አድራሻ ያለው፣ ዋጋው ይጨምራል። ዛሬ ወደ ብዙው የጉድጓድ 11 ክፍል ተመልሶ መሄድ አይቻልም፤ ከዚያ የሚቀረን በሳጥኖቹ ላይ የተጻፈው ነው።

ወደ ማጠቃለያዬ ከመድረሴ በፊት፣ በኢትዮጵያ ለምናጠና ሰዎች ይህ ታሪክ ምን ይለናል? በእኛም አገር የመጀመሪያው ቆፋሪ ውሃ ነው። በአፋር ዝናቡ በየሸለቆው ደለሉን እያጠበ ያወጣውን ነው ተመራማሪ የሚያነሣው፤ ድንቅነሽም እ.ኤ.አ. በ1974 በሀዳር የተገኘችው ጎርፍ በቦረቦረው ሸለቆ ውስጥ ነው። ሕጋችንና የቅርሱ ጠባይ ግን የተለዩ ናቸው። ከኢሊኖይ ክምር አንድ ሺህ የፈርን ቅጠል ቢለቀም ሌላ ሺህ ይኖራል፤ የሰው ዘር ጥንተ ቅሪት ግን አንድ ጥርስ እንኳ ብርቅ ነው። ስለዚህ ምርምሩ በመንግሥት ፈቃድ የሚካሄድ መሆኑና የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው እንዲያሳውቅ ማዘዙ ተገቢ ነው። ባልዲ ይዘን ወደ ሸለቆ እንውረድ እያልሁ አይደለም።

የምለው ይህን ነው። አዋጁ «ያገኘ ሰው ያሳውቅ» ሲል የሚያናግረው እረኛውን፣ ገበሬውን፣ መንገድ ሠሪውን ነው። ያ ሰው ያየውን ነገር ሳያነሣ፣ ቦታውን ሳያናውጥ መጥቶ እንዲናገር ከፈለግን፣ የሚሰማውና ስሙን የሚመዘግብለት ሰው ሊያገኝ ይገባል። ድንጋዩን አንሥቶ ወደ ከተማ ቢያመጣልን ደግ ያደረገ ይመስለዋል፤ እውነቱ ግን ከድንጋዩ የሚበልጠውን፣ አድራሻውን፣ እዚያው ጥሎት መምጣቱ ነው። ይህን ለእርሱ ማስረዳት የእኛ፣ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች፣ ግዴታ ነው። በየመስኩ ስትወጡም በማስታወሻችሁ ላይ የቦታውን ስም የአካባቢው ሰው በሚጠራው ስም፣ ቀኑን፣ መጀመሪያ ያየውንም ሰው ስም ጻፉ። እናንተ ያላያችሁትን ነገር ከዚያ ገጽ የሚያነብ ሰው ከብዙ ዓመት በኋላ ይመጣል።

ፍራንሲስ ተሊ ያገኘውን እንስሳ ምንነት ሳያውቅ አልፏል፤ እኛም ገና በእርግጠኝነት አናውቅም። ነገር ግን ያላወቀውን ነገር ከሚያውቁ ሰዎች ዘንድ ወሰደው፤ ከየት እንዳነሣውም ተናገረ። ከአንድ አማተር፣ እንዲያውም ከአንድ ተመራማሪ፣ ከዚህ የሚበልጥ የሚጠበቅ አይመስለኝም።